የወንድሜ ቅልጥም፦ አጥንት ከመተከሉ በፊት የባቱን ሥጋ ማዞር ለምን አስፈለገ?

የደብረ ሲናዋ እህት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ የ26 ዓመት ወጣት ነው። በመጋቢት መጀመሪያ ገብስ በጫነ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኖ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲመለስ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱን እንደ ጀመሩ መኪናው ተገልብጦ ግራ እግሩ ተሰበረ። የተሰበረው ቅልጥሙ እኩሌታ ላይ ሲሆን፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጥቶ አፈርና ጠጠር ገብቶበት ነበር። ሆስፒታል እንደ ደረሰ ቁስሉን አጥበው እግሩን ከውጭ በሚታሰር ብረት አቆሙለት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ የሞተው ሥጋና ደም የማይደርሳቸው የአጥንት ስብርባሪዎች ተለቅመው ወጥተዋል። አሁን በአጥንቱ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለ፤ ከፊት በኩል ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቁስል እንደ ተከፈተ ነው። ትናንት ፋሻው ሲቀየር አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ የአጥንቱ ጫፍ ዝናብና ፀሐይ እንደ ተፈራረቀበት እንጨት ደርቆና ነጥቶ አየሁት።

ሐኪሞቹ ያቀረቡልን ሐሳብ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከባቱ አንድ ጡንቻ ከነደም ሥሩ አዙረው ቁስሉን ይሸፍናሉ፤ በላዩም ከታፋው ስስ ቆዳ ልጠው ይለጥፋሉ። በአጥንቱ ክፍተት ውስጥ ለጊዜው የሕክምና ሲሚንቶ ያስቀምጣሉ። ሁለት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ ሲሚንቶውን አውጥተው በምትኩ ከዳሌው የተወሰደ አጥንት ይሞላሉ።

አባታችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። «የጎደለው አጥንት ነው፤ አጥንቱን ይሙሉለት እንጂ ደኅናውን ባት ስለ ምን ያቆስሉታል?» ብለው ለመፈረም አመንትተዋል። አክስታችን በበኩላቸው ወደ ወጌሻ እንድንወስደው ይወተውታሉ። እኔ ራሴ መልስ አጥቼ መካከል ላይ ቆሜአለሁ። አጥንቱን አሁኑኑ መትከል የማይቻለው ለምንድን ነው? ጡንቻው ሲዞር እግሩ አይደክምም ወይ? ደግሞም አንድ የምናውቀው ሰው «አጥንት ራሱ ከነደም ሥሩ ይተከላል» ብሎናል፤ ይህ እውነት ከሆነ ለወንድሜ ለምን አልታሰበም? የምታውቁ ሰዎች በማስተዋል ብትመልሱልን ውለታችሁን አንረሳም።

ሐኪም፣ የመሃል ሜዳ ልጅ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላችሁ። በአጥንት ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ በማድረግ ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ። ወንድምዎን ስላላየሁት በቦታው ያሉትን ሐኪሞች ተክቼ መናገር አልችልም፤ ነገር ግን የነገሩዎት ቅደም ተከተል ምክንያት አለው፤ እሱን በተቻለኝ መጠን ላስረዳዎት።

የአባታችሁ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ምሰሶ፣ ሥጋን እንደ ምርጊት አድርጎ ያያልና። አጥንት ግን ሕያው አካል ነው፤ ደም ይጠጣል፤ ደሙ ሲቋረጥበትም ይሞታል። በጤናማ ቅልጥም ላይ ደም ከሁለት አቅጣጫ ይገባል፦ አንደኛው በመቅኒው ውስጥ የሚያልፈው ደም ቅዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው አጥንቱን ከውጭ እንደ ስስ ልባስ ከሸፈነው ገለፈትና በዙሪያው ካሉት ጡንቻዎች የሚመጣው ነው። የመቅኒው መንገድ በስብራት ሲበጠስ አጥንቱ በሕይወት የሚቆየው ከውጭ በሚመጣው ደም ነው። አሁን እጅዎን በገዛ ቅልጥምዎ ፊት ላይ ያሳርፉና ከጉልበት ወደ ታች ይሳቡት። በውስጠኛው ጎን ከጣትዎና ከአጥንቱ መካከል ከቆዳ በቀር ምንም እንደሌለ ይሰማዎታል። በሌላው የሰውነት ክፍል አጥንት በወፍራም ጡንቻ ተጠቅልሎ ሳለ፣ ቅልጥም በዚህ በኩል ራቁቱን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቆዳው ሲቀደድና ገለፈቱ ሲላጥ አጥንቱ ከሁለቱም ምንጮቹ ይቆረጣል። ያዩት ንጣትና ድርቀት ይህ ነው።

ከዳሌ የሚወሰደው አጥንት ደግሞ ተፈጭቶ ወይም ተቆራርጦ የሚቀመጥ፣ ከደም ሥሩ የተለየ አጥንት ነው። በላዩ ላይ ካሉት ሕዋሳት ጥቂቶቹ ከአካባቢው በሚሰርግ ፈሳሽ ለጊዜው ይተርፋሉ፤ ወደ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ግን ይሞታሉ። ታዲያ ለምን ይተከላል ቢሉ፣ እንደ መወጣጫ እንጨት ሆኖ ስለሚያገለግል ነው። በዙሪያው ካለው ሕያው ሥጋ ቀጫጭን የደም ሥሮች ወደ ውስጡ ሾልከው ይገባሉ፤ አሮጌውን አጥንት የሚበሉ ሕዋሳትና አዲስ የሚገነቡ ሕዋሳት ተከትለዋቸው ይመጣሉ፤ የተተከለው አጥንት ቀስ በቀስ እየተበላ በእግሩ በራሱ አዲስ አጥንት ይተካል። ይህ ሥራ ብዙ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። አሁን ልብ ይበሉ፦ የደም ሥሮቹ የሚመጡት ከአልጋው፣ ማለትም አጥንቱ ከሚቀመጥበት ሥጋ ነው፤ አልጋው ሕይወት ከሌለው የሚመጣ የደም ሥር የለም። የደረቀ ቁስል ውስጥ የተጨመረ የዳሌ አጥንት ለባክቴሪያ መሸሸጊያ ይሆናል እንጂ አይገጥምም። አንቲባዮቲክም ቢሆን የሚደርሰው ደም በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው።

የባቱ ጡንቻ የሚዞረው አልጋውን ሕያው ለማድረግ ነው። ስለዚህ ጡንቻውን እንደ ክዳን ብቻ አይቁጠሩት፤ ደም፣ ኦክስጂን፣ ኢንፌክሽንን የሚዋጉ ሕዋሳትንና መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል፤ መግል የሚጠራቀምበትንም ጎድጓዳ ቦታ ይሞላል። እኛ «ፍላፕ» የምንለው ይህ ነው። ቆዳ ተልጦ ሲለጠፍ ከደም ሥሩ ተለይቶ ይሄዳል፤ ፍላፕ ግን ከነደም ቅዳውና ከነደም መልሱ ስለሚሄድ አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይሞት ወደ አዲሱ ቦታ ይደርሳል። ስስ ቆዳውን በቀጥታ በራቁት አጥንት ላይ ለምን አይለጥፉትም ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ደረቅ አጥንት ቆዳ አያበቅልም።

የሚዞረው የትኛው ጡንቻ እንደሆነ የሚወስነው የስብራቱ ቦታ ነው። ለቅልጥም የላይኛው ሲሶ ጋስትሮክኒሚየስ የሚባለው የላይኛው የባት ጡንቻ ይዞራል፤ ለመካከለኛው ሲሶ ከእሱ ሥር የተኛው ሶሊየስ ይመረጣል። የወንድምዎ ስብራት እኩሌታው ላይ ስለሆነ ሶሊየስ ይመስለኛል። የታችኛው ጫፉ ከተረከዝ ጅማት ተለያይቶ፣ ከላይ የሚገቡለት የደም ሥሮች ሳይነኩ፣ ወደ ፊት ተገልብጦ አጥንቱን ያለብሳል። ስለ ድካሙ የጠየቁት ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ እግርን ወደ ታች የመግፋት ኃይል በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሆኖም ጋስትሮክኒሚየስ በቦታው ስለሚቀር ጉድለቱ ለብዙ ሰው መራመድን የሚከለክል አይሆንም።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነውና። በዛሬዋ ስሎቬኒያ፣ በልዩብልያና ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ማርኮ ጎዲና በ532 ታካሚዎች ላይ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1986 ታትሟል፤ እሱ ራሱ በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ አረፈ። ቁስላቸው ከጉዳቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ በሕያው ሥጋ ከተሸፈነላቸው መካከል ኢንፌክሽን የገጠማቸው 1.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ72 ሰዓት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ከተሸፈነላቸው መካከል ግን 17.5 በመቶ ነበሩ። የእሱ ታካሚዎች በተደራጀ ማዕከል የታከሙ በመሆናቸው ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሠራል። ወንድምዎ 72 ሰዓቱ አልፎታል፤ በዚህ ተስፋ አይቆረጥም፤ ሆኖም ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲከራከር የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት አጥንቱን የበለጠ ያደርቀዋል።

ስለ ሲሚንቶው ደግሞ ባጭሩ፦ ይህ አላን ማስክሌ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመረው ዘዴ ነው። ሲሚንቶው ክፍተቱን ይዞ ሲቆይ ሰውነት በዙሪያው ስስ ገለፈት ያበጃል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሚንቶው ሲወጣ ገለፈቱ እንደ ከረጢት ይቀራል፤ የዳሌው አጥንትም በዚያ ከረጢት ውስጥ ይሞላል። ገለፈቱ የደም ሥር የበዛበት ከመሆኑም በላይ አጥንትን የሚያሳድጉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ገለፈቱ ራሱ የሚበቅለው ግን ከሕያው ሥጋ ነው፤ ስለዚህ ሸፋኙ ጡንቻ መቅደም አለበት።

ከሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በቀወት ሽንኩርት የማመርት ሴት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ቀኝ ቅልጥሜ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ ተሰብሮ፣ በመጀመሪያ በታከምኩበት ቦታ ቁስሉ ሳይሸፈን ከዳሌዬ አጥንት ተወስዶ ተሞላልኝ። በሦስተኛው ወር ራጅ ሲነሣ የተሞላው አጥንት በአብዛኛው ሟሙቶ ጠፍቶ ነበር፤ ከቁስሉም መግል ይወርድ ነበር። የዳሌዬ ቁስል አሁንም በብርድ ጊዜ ያመኛል፤ ያ ሁሉ ሕመም በከንቱ መሆኑን ሳስብ ያሳዝነኛል። አባታችሁ «ደኅናውን ስለ ምን ያቆስሉታል» ያሉት ነገር እኔ ላይ የደረሰው በሌላ በኩል ነው፤ ደኅናው ዳሌዬ ቆስሎ አልጋው ግን አልተዘጋጀም ነበር።

በኋላ አዲስ አበባ ተልኬ፣ ከጀርባዬ ጡንቻ ተቆርጦ በእግሬ ላይ ተቀመጠና የደም ሥሮቹ በማይክሮስኮፕ ከእግሬ የደም ሥሮች ጋር ተሰፉ። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ ከእግር በታችኛው ሲሶ ላይ የሚዞር በቂ ጡንቻ በቅርብ ስለሌለ ከሩቅ ማምጣት ግድ ነው አለኝ። እኔ በገባኝ መንገድ ልንገርዎት። የሽንኩርት ችግኝ ነቅዬ በደረቅ መደብ ላይ ብተክለው በማግሥቱ ይጠወልጋል። ችግኙ የሚጸድቀው መደቡ አስቀድሞ ውኃ ሲጠጣና ቦዩ ከዋናው መስኖ ጋር ሲገናኝ ነው። እኔ ጋ ያደረጉት መደቡን ከነቦዩ አምጥተው ከእግሬ መስኖ ጋር ማገናኘት ነው፤ ወንድምዎ ጋ የሚደረገው ደግሞ እዚያው አጠገብ ያለውን መደብ ቦዩን ሳይቆርጡ ማዞር ነው፤ ከእኔው ይቀላል።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ናቸው፤ ተዘጋጁ። ነርሶቹ በየሰዓቱ እየመጡ የተሰፋውን ሥጋ ቀለም ያያሉ፤ በጣታቸው ጫን አድርገው ሲለቁት ደሙ ተመልሶ የሚመጣበትን ፍጥነት ይለካሉ። በሁለተኛው ሌሊት አንዲት ነርስ አንዲት ትንሽ መሣሪያ በሥጋው ላይ ስታሳርፍ ውስጡ የሚያልፈው ደም «ሹሽ፣ ሹሽ» ሲል ሰማሁት። እግሬ አገር ቤት ውኃ እንደሚወርድበት ቦይ ይሰማል ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት እግሬ ከፍ ብሎ ነበር፤ ወደ ታች ማንጠልጠል የተፈቀደልኝ በመጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ነው። ሥጋው ከዳነ ከሦስት ወር በኋላ ከሌላኛው ዳሌዬ አጥንት ተወስዶ እንደገና ተተከለልኝ፤ ከዓመት በኋላ ገጠመ። ዛሬ ያለ ክራንች በመደብ መካከል እቆማለሁ።

የአናቶሚ መምህር

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም አጥንት ራሱ ከነደም ሥሩ ይተከላል ወይ ስለሚለው፣ ጥቂት ልጨምር። እውነት ነው። ከቅልጥም ጎን ያለው ቀጭኑ አጥንት፣ ፊቡላ፣ ከነደም ቅዳው ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው በአውስትራሊያ በሜልቦርን ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢየን ቴይለር ነው። ከዚህ አጥንት እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል መውሰድ ይቻላል፤ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት እንዳይናጉ ግን ከታችና ከላይ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መተው አለበት። ከመደበኛው የዳሌ አጥንት የሚለየው ይህ ነው፦ ሕያው ሆኖ ስለሚሄድ ተበልቶ መተካት አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ማንኛውም ስብራት ይገጥማሉ። ሸክም ሲቀበልም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየወፈረ ይሄዳል። ሆኖም እስኪወፍር ድረስ ቀጭን ስለሆነ ለብዙ ወራት ከመሰበር መጠበቅ ይገባዋል። በዚሁ አጥንት ዕጢ የበላውን መንጋጋ መልሶ መሥራትም ተለምዷል፤ ሐኪሙ ዴቪድ ሂዳልጎ ይህን ካሳወቀ እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ ብዙ ሰዎች ከፊቡላቸው በተሠራ መንጋጋ ምግብ ያኝካሉ።

ለወንድምዎ ለምን አልታሰበም ለሚለው፦ በልምድ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ክፍተት ከደም ሥሩ የተለየ አጥንት ብቻውን በአስተማማኝ ሁኔታ አይሞላውም ይባላል፤ የእሱ ክፍተት ከዚያ ያነሰ ነው። በተጨማሪም ፊቡላን መንቀል ማይክሮስኮፕ፣ ከፀጉር የቀጠነ ስፌት፣ ረጅም ሰዓትና ሌሊቱን ሙሉ ንቁ ክትትል ይጠይቃል። በአካባቢ ጡንቻ ሸፍኖ፣ በገለፈት አዘጋጅቶ፣ ከዚያ የዳሌ አጥንት መሙላት በእኔ ግምት ለዚህ ጉዳት የተመጣጠነ ውሳኔ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ሐኪሙ ገብሪኤል ኢሊዛሮቭ በሩሲያ ሳይቤሪያ በኩርጋን ከተማ ያዳበረው በቀለበት ብረት አጥንትን የማርዘም ዘዴ ነው። ከቁስሉ ራቅ ብሎ አጥንቱ ይቆረጥና ቁራጩ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር እየተሳበ ክፍተቱን ይሞላል። ለ5 ሴንቲ ሜትር መሳቡ ብቻ 50 ቀን ነው፤ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ብረቱ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ይህም ቢሆን ራቁት አጥንት ላይ አይጀመርም፤ በመጀመሪያ ሽፋኑ ይፈለጋል።

ነርስ ከሞላሌ

ወጌሻ ስለሚለው የአክስትዎ ሐሳብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በመንዝ ያሉ ወጌሾችን አከብራቸዋለሁ፤ ወለምታና ያልተከፈተ ስብራት በብልሃት ሲያሽሩ አይቻለሁ። የተከፈተ ስብራት ግን የእነሱ ሥራ አይደለም፤ ይህን በቀጥታ ለአክስትዎ ንገሯቸው። በቀርከሃ ጠብቆ በታሰረ ቁስለኛ እግር ላይ ጣቶቹ ጠቁረው የመጡ ልጆችን ተቀብያለሁ። ጣቶቹ ከጠቆሩ በኋላ የሚዞር ጡንቻም የሚተከል አጥንትም አይኖርም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቤተሰቡ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የዞረው ጡንቻ የሚኖረው በአንድ ጠባብ የደም መንገድ ስለሆነ በላዩ ላይ ምንም ነገር ጠብቆ አይታሰር፤ ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ እየጠቀለላችሁ አትጫኑበት፤ እግሩንም በዚያ ጎን አታስተኙት። ጠበል መጠጣት ይችላል፤ በቁስሉ ላይ ግን አይፈስስም፤ ቅቤም አይቀባም። ወንድምዎ ሲጋራ ካጨሰ ከዛሬ ጀምሮ ይተው፤ ኒኮቲን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ በአጠገቡ የሚያጨስም አይኑር።

ጾሙንም አስታውሱ። አሁን ዓቢይ ጾም ነው፤ የተጎዳ ሥጋና አጥንት ደግሞ ፕሮቲን ይፈልጋል። ለነፍስ አባታችሁ ንገሯቸው፤ ለሕመምተኛ ምን እንደሚፈቀድ እሳቸው ያውቃሉ። ከጾሙ ሳይወጣ እቆያለሁ ካለም ሽሮውን፣ ባቄላውንና ምስሩን ጠገብ አድርጎ ይብላ፤ የጾም ወጥ በጥቂቱ ቀምሶ መተው ለእሱ አይበጀውም።

የደብረ ሲናዋ እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ማለዳ አባታችን አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሳሉ የመሃል ሜዳው ሐኪም የጻፉትን ቃል በቃል አነበብኩላቸው፤ ከዚያም የሸዋ ሮቢቷን እህቴን የሽንኩርት ነገር ስነግራቸው ቀና ብለው «ይህን ሴትዮዋ ጽፋው ነው?» አሉ። መደቡን ደጋግመው አስደገሙኝ።

አንድ ነገር ግን ለሐኪሙ መጠየቅ ፈለጉ፦ ከዳሌ አጥንት ሲወሰድ ልጃቸው መቀመጥና መጎንበስ ይችላል ወይ?

ሐኪም፣ የመሃል ሜዳ ልጅ

ይችላል። አጥንቱ የሚወሰደው ወገብ ላይ ቀበቶ ከሚያርፍበት የዳሌ ጠርዝ ነው፤ የጭኑ አጥንት ጫፍ ወደ ዳሌው ጎድጓዳ የሚገባበት መገጣጠሚያ አይነካም። ለጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ እህታችን ለረጅም ጊዜ፣ ቦታው ሊያም ይችላል። ይህን አስቀድመው ይወቁት፤ ስለ ሕመሙ መድኃኒትም ሐኪሞቹን በግልጽ ይጠይቁ። አጥንቱ የሚወሰደው ጡንቻው ዳነ፣ ቁስሉም ደረቀ ከተባለ በኋላ ስለሆነ ግን ይህ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ አሁን የሚፈረመው ለሽፋኑ ነው።

የደብረ ሲናዋ እህት

ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና የሱሪያቸውን ጠርዝ ሰብስበው በገዛ ቅልጥማቸው ፊት ላይ ጣታቸውን ከጉልበት ወደ ታች ሳቡ፤ ከዚያም እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው ባታቸውን ጨበጡ። እንዲህ ሁለት ጊዜ አደረጉና ነርሷን እስክሪብቶ ጠየቁ። ቀዶ ሕክምናው ለማክሰኞ ጠዋት ተይዟል።